አብሽሩ፣ ዝናብ ነው

የቮልስ በር ከሥሩ ቀዳዳ አለው። በሩን ከፍታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ብትዳብሱ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ደፍኖት። ላንድሮቨሩም፣ ፊያቱም፣ ፔጆውም አለው፤ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ መኪናም ቢሆን አለው። የመስታወቱ ጎሚኒ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ዝናብ በጎኑ ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። መኪና ሠሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ውኃው ጨርሶ እንዳይገባ ሲታገሉ ከመክረም መውጫ አበጁለት። ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል፣ በሩም ይደርቃል።

ልምድ ያለው የላሜራ ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ አሮጌ መኪናን ምን ይገድለዋል ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ዝናብ አይሆንም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ዝገት ከውስጥ፣ ከታች፣ ዓይን ከማያርፍበት ቦታ ይጀምርና ቀለሙን አሳብጦ ብቅ ሲል በሩ ከሥሩ አልቋል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ መኪናዬን ለሽያጭ ላሳምር ብሎ ያንን ቀዳዳ በስቱኮ ለስኖ፣ ከላዩ ቀለም ነፍቶ የሚሸጠው ሰው ነው። ለጊዜው ያምራል። ክረምት ሲገባ ገዢው ያለቅሳል።

ብዙ አነቃቂ ንግግር ሰምተናል። አብዛኛው «ምንም አይንካህ፣ ምንም አይግባህ፣ ብረት ሁን» የሚል ነው። ብረት እኮ ነው የሚዝገው! እኔ ዛሬ የምለው ሌላ ነው፦ ይግባ፤ መውጫው ግን ክፍት ይሁን። ይህን ለማሳየት የአሮጌ መኪና ትርዒትና ዝናብን ላገናኝ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

እስቲ አንድ ትርዒት በሐሳባችን እንዘርጋ። ቦታው ወረኢሉ፣ ከከተማው ዳር ያለ ሣራም ሜዳ። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውኃ እዚህ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ አየሩም ከጅቡቲ ወደብ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አሮጌ ሞተር እዚህ ለመድረስ ያለከልካል። ከደሴ የሚነሣው የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ ይመጣል። ከመካነ ሰላምና ከአቀስታ በኩል የሚመጣው የራሱን ዳገት ወጥቶ ነው። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በዓለም ከተማ አድርጎ የሚመጣው ደግሞ የጀማንና የወንጪትን ሸለቆ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ራዲያተሩ ፈልቶ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚደርሰው። ቮልስ ግን ራዲያተር የለውም፤ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ባለቤቶቹ በዚህ ሲኮሩ ብትሰሙ አትፍረዱባቸው።

አሰላለፉን ተመልከቱ። ከወዲያ ጥግ ኤንትሬው ቆሟል። ፊያት 682 ይባላል በሰነድ፤ ፋብሪካው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 የጀመረው የጭነት መኪና ነው፤ እኛ ግን ኤን 3 የሚለውን ስሙን አጣብቀን ኤንትሬ አልነው፣ እንደ ሰው ስም። የጣርማ በርን ዳገት እህልና ሸቀጥ ጭኖ ሲያቃስት የኖረ ብረት ነው። ከጎኑ ሸራ ጣሪያ ያለው ላንድሮቨር፤ ከላንድሮቨሩ ቀጥሎ ሰይቼንቶ፣ አንድ ትውልድ አዲስ አበቤ ጉልበቱን አጥፎ የተሳፈረባት ትንሽዬ ፊያት። ሰማያዊና ነጭ ላዳ። ፔጆ 404። ከዚያ ቮልሶቹ፣ ቀለማቸው እንደ ባለቤቶቻቸው ጠባይ የተለያየ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆቹ 2003 ከወጣ ወዲህ ግን አዲስ የለም። ያለው ያለው ነው።

በአውሮፓ አሮጌ መኪና ጋራዥ ውስጥ ልብስ ተደርቦለት ይተኛል፤ በበጋ እሁድ ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል። የእኛው አሮጌ መኪና እንዲህ ያለ ዕረፍት አያውቅም። ለአዲስ መኪና የሚከፈለው ቀረጥ የመኪናውን ዋጋ የሚያጥፍበት አገር ስለነበረ፣ ያለውን መጠገን ልማዳችን ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንዳይገቡ ከለከለ። አሁን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከቻይና የመጡት ኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች እንደ ልጅ ልጅ ከአሮጌው ቮልስ አጠገብ ይቆማሉ። እንግዲህ ቤንዚን የሚጠጣው ሁሉ ቀስ በቀስ ታሪክ እየሆነ ነው። ታሪክ ደግሞ ታይቶ ካልተነገረ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መኪና የአገራችን ታሪክ ምስክር ሆኖ ኖሯል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት ከነዚያ ሁሉ ሮልስ ሮይሶች በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስ ነበር። ይህን ለማያውቅ ልጅ ቮልሱ ጎን ቆሞ መንገር ከመጽሐፍ ይልቅ ይቀላል።

ደህና። መኪናው ተወልውሎ፣ ጎማው ጠቁሮ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ልጆች «ይቺ ስንት ትሮጣለች?» እያሉ ሳለ ከወደ ምዕራብ ነፋስ ተነሣ። ደገኛው ያውቀዋል። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ የሚሉ ትልልቅ ነጠብጣቦች። ዶፉ መጣ። በዶፉ ውስጥ በረዶ አለበት። ከደሴ የመጣው ባለ ቮልስ ሌሊቱን ሲያሻት ያደረ ነው፤ ጃኬቱን አውልቆ ኮፈኑ ላይ ጣለና ሰማዩን እያየ ተራገመ።

አጠገቡ ጋቢያቸውን ተከናንበው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰሙት።

«ተው ልጄ፣ ዝናብን እንዲህ አይሉትም።»

«አባባ፣ ስንት የደከምኩበትን ቀን አበላሸብኝ እኮ!»

«የምሕረት ያርገው በል። አብሽር። መኪናህ ጨው አይደለች፣ አትሟሟ።»

«በረዶ አለው አባባ፣ ይጎደጉዳታል።»

«እንግዲያ ጃኬትህ ስስ ነው። ና፣ እዚያ ሸራ አለ፣ ያዝ በአንድ ወገን።»

ወግ ነው፣ እኔ የፈጠርኩት። ግን ወሎን የሚያውቅ ሰው ሽማግሌውን አይቻቸዋለሁ ይላል። የ1966ቱን ድርቅ ያየ፣ የ1977ቱን ያየ፣ ደመናን እጁን ዘርግቶ የለመነ ሕዝብ ዝናብ ሲመጣ አይቆጣም። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የጸለየው ለዚሁ ነው። በልግ ለሚዘራው ገበሬ በየካቲትና በመጋቢት የምትጥለዋ ካፊያ የዓመት ቀለብ ናት። አንድ ቀን ትርዒት ያሳመረ ሰው ፊቱን ሲያጠቁር ከሜዳው ማዶ ያለው ገበሬ ማሳውን እያየ «ተመስገን» ይላል። ዝናቡ ያው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ለራሴም ለእናንተም የምለው አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚሰብረን የወረደብን ነገር አይደለም፤ «ሆን ተብሎ በእኔ ላይ ወረደ» የሚለው ሐሳብ ነው። ሥራ ስታመለክቱ ሳይጠሯችሁ ሲቀሩ፣ ሱቅ በከፈታችሁ ሳምንት መንገዱ ለጥገና ሲቆፈር፣ ሠርጋችሁ ቀን መብራት ሲጠፋ፣ ሰማዩ ስማችሁን አያውቅም። አንተን ብሎ አልዘነበም። ይህን የተረዳ ሰው ለእርግማን የሚያወጣውን ጉልበት ሸራ ለመያዝ ያውለዋል። ሽማግሌው ለወጣቱ ትምህርት አልሰጡትም፣ የሸራውን ጫፍ ነው የሰጡት፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ማነቃቂያ አላውቅም።

ታዲያ ሸራውን ያመጣው ማን ነው? ዝናብ ሳይመጣ ያሰበ ሰው ነዋ። ወረኢሉ በዚህ ነገር ታላቅ ታሪክ አላት። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ የሸዋን ሠራዊት የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር፤ ጊዜውም እስከ ጥቅምት አጋማሽ። እስቲ ቀኑን ልብ በሉት። ጠላት ድንበር አልፏል፣ ነገሩ ያስቸኩላል፤ ቀጠሮው ግን ክረምቱ አፉን እስኪዘጋ፣ ወንዙ እስኪጎድል፣ መንገዱ እስኪደርቅ ታስቦ የተቆረጠ ይመስላል። በቅሎ ጭቃ ውስጥ አትሰጥምም፣ ስንቅ አይበሰብስም፣ ዱቄት አይሻግትም። ከዚያ ተነሥተው የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ስለ ጀግንነቱ ብዙ እንናገራለን፣ ይገባልም። ስለ ቀን አቆራረጡ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ሰማይን ማዘዝ አይቻልም፤ ቀንን መምረጥ ግን ይቻላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለመኪናም ይሠራል። ዝናብ አሮጌ መኪናን የሚያስቆመው በጉልበት አይደለም፤ በእርጥበት ነው። መካኒኮቻችን ስፒንተሮጀኖ የሚሉት እሳት አከፋፋይ ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ከገባ፣ ወደ ካንዴላ መሄድ ያለበት ከ10,000 ቮልት በላይ የሆነ እሳት በእርጥቡ ላይ ሾልኮ ይጠፋል፤ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ዝም። መድኃኒቱ ቁራጭ ደረቅ ጨርቅ ነው። ክዳኑን አንሥቶ ውስጡን መጥረግ፣ ከቦቢናው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ማድረቅ። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ የአየር መግቢያ ስንጥቁም ከበላዩ ስለሆነ ለዚህ በሽታ ቅርብ ነው፤ ብልህ ባለቤት ጨርቁን ከመቀመጫው ሥር አይለየውም። የድሮ ከበሮ ፍሬን ውኃ ሲገባበት ለጊዜው አይዝም፤ ቀስ እያሉ እየነዱ ፔዳሉን በስሱ ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉት ሙቀቱ ያደርቀዋል። መኪና ሣር ላይ የሚያድር ከሆነ ጎማው ሥር ሳንቃ ይግባለት። ሸራው ሲሸፈን በነፋስ እንዳይርገበገብ በደንብ ይታሰር፤ አለዚያ በሸራውና በቀለሙ መካከል የገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የማቆሚያ ቦታ ሲመረጥ ደግሞ ትንሽ ተዳፋት ያለው ይሁን፤ የወረኢሉ ጥቁር አፈር ከረጠበ ጎማ ይበላል። ማለዳ ጀምሮ ከቀትር በፊት ዋናውን ነገር መጨረስም ትልቅ ብልሃት ነው፤ በደጋ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው። ይህን ሁሉ ያሰናዳ ሰው ዶፉ ሲመጣ አይጮኽም። የሚሠራው ስላለው።

ዝናብን ሸሽተው ሳይሆን ፈልገው የሄዱም አሉ። በጎረቤታችን በኬንያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው ሆን ተብሎ በፋሲካ ሰሞን፣ የዝናቡ ወቅት ሲገባ ነበር። መንገዱ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው አፈር፣ ሲዘንብ ጭቃ። በዚያው አቆጣጠር በ1963 ዝናቡ ባሰ፤ 84 መኪኖች ተነሡ፣ ማለቂያው ላይ የደረሱት ሰባት ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1968 እንደገና ባሰ፤ 93 ተነሡ፣ አሁንም ሰባት ደረሱ። የሚገርመው ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፉት ያው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ኒክ ኖቪትስኪና ፓዲ ክሊፍ። መኪናቸው ምን ነበረች? ፔጆ 404። አዎ፣ ያቺው የቤተሰብ መኪና፣ እኛ ሜዳ ላይ ከላዳው አጠገብ ያቆምናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጋግመው ካሸነፉት መኪኖች ደግሞ አንዱ ቮልስ ነው፤ ሞተሩ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚጫን ጭቃ ውስጥ እግሩን ይተክላል። ፈጣኖቹ መኪኖች የት ቀሩ ብትሉኝ፣ ጭቃ ውስጥ።

እዚህ ላይ አነቃቂ ተናጋሪ ቢሆን «ከሰባቱ አንዱ ሁን!» ብሎ ያስጨበጭባል። እኔ በ1963 መንገድ ላይ ስለቀሩት ሰባ ሰባቱ ማሰብ ይቀናኛል። እነሱም መንገዱን ያውቁታል፣ ዝናቡን ያውቁታል፣ ግን ተነሡ። ጭቃ ላይ መቅረት ውርደት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ከሳፋሪው ጋር አስተያዩት፤ ከ84 ሰባት ማለት ከመቶ ስምንት ነው። ልጆቻችን የወደቁት ከሳፋሪው በከበደ መንገድ ላይ ነበር። ያን ዓመት ከደረሱት በላይ ያልደረሱት ልጆች ያሳስቡኛል፤ አንዳንዶቹ ክፍላቸውን ዘግተው፣ ከሰው ተሸሽገው፣ መውጫ ቀዳዳቸውን ደፍነው ነው የከረሙት። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሬሜዲያል የሚባለው ፕሮግራም ተከፍቶ ከነሱ የተወሰኑት እንደገና የመሞከር ዕድል አገኙ። ዕድል ሲመጣ የሚጠቀምበት ደግሞ ወድቄያለሁ ብሎ ለሰው የተናገረ፣ የት ይመዘገባል ብሎ የጠየቀ ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ አነቃቂ ጽሑፎች የማይወዱት ነገር ነው። አንዳንዴ መጽናት ማለት ማቆም ነው። በእንግሊዝ አገር ጉድዉድ በሚባል ቦታ በየዓመቱ በበጋ ትልቅ የመኪና ትርዒት ይደረጋል፤ ከአሮጌ እስከ ዘመናዊ ውድ መኪና የሚታይበት፣ ሕዝብ የሚጎርፍበት። በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 2023 ላይ ለቅዳሜው ኃይለኛ ነፋስ እንደሚነፍስ ተተነበየ። አዘጋጆቹ የቅዳሜውን ሙሉ ቀን ሰረዙት፤ በሠላሳ ዓመት ታሪካቸው የመጀመሪያው ነበር። ስንት ትኬት ተሸጦ፣ ስንት እንግዳ መጥቶ! ድንኳን በሰው ላይ ከሚወድቅ ትርፉ ይውደቅ አሉ። እሁድ ተከፈተ፣ ሕዝቡም መጣ። አንድ ቀን አቁሞ በማግሥቱ መክፈት ሽንፈት አይባልም። «ምን ይመጣል» ብሎ ሰው የሚያስጎዳ አዘጋጅ ግን ጽኑ ሳይሆን ግትር ነው።

በእኛ ደጋ ዋናው አደጋ መብረቅ ነው፤ በየክረምቱ ሰውም ከብትም ይገድላል። ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከሰማችሁት መብረቁ ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ከሜዳው ውጡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠጉ፤ ድንኳንም አያድንም። ጣሪያውና ጎኑ ብረት የሆነ መኪና ግን፣ መስታወቱ ተዘግቶ ብረቱን ሳይነኩ ከተቀመጡበት፣ ጥሩ መጠለያ ነው፤ መብረቁ በብረቱ ላይ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ያ ሸራ ጣሪያ ላንድሮቨር ይህን አያደርግም። ስለዚህ የላንድሮቨሩ ባለቤት ኩራቱን ትቶ ሰይቼንቶዋ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ይግባ።

ነጎድጓዱ ከራቀና ዝናቡ ብቻ ከቀረ በኋላ ያለውን ጊዜ እወደዋለሁ። የትርዒቱ ምርጡ ሰዓት ይህ ይመስለኛል። ፀሐይ በነበረ ጊዜ ሁሉም በየመኪናው ጎን ቆሞ ነበር፤ ባለ ኤንትሬው ለብቻው፣ ባለ ቮልሱ ለብቻው። አሁን ትልቁ ሸራ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። አንዷ ከሰል አያይዛለች፣ ቡናው ተቆልቷል። በወሎ ቡና ችኮላ የለውም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ ዶፍም ይደክመዋል። አዛውንቱ ሾፌር ድሮ ዳገት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማው ጎን እንዴት ይሮጥ እንደነበር ያወራሉ። የደሴው ወጣት ስንት ዓመት ፈልጎ ያጣውን የቮልስ ዕቃ ከመካነ ሰላም የመጣው ሰውዬ ቤቱ ጣሪያ ሥር እንዳስቀመጠው የሚሰማው በዚህ ሰዓት ነው። ስልክ ይለዋወጣሉ። ቀኑ ሙሉ ፀሐይ ቢሆን ኖሮ ይህ ጨዋታ አይኖርም ነበር፤ ሰው ፎቶ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ከተማ ውስጥም ብትሆኑ እንዲሁ ነው፤ የጎረቤታችሁን ስም ያወቃችሁት መብራት የጠፋ ዕለት አይደል?

ካባራ በኋላ ደግሞ ሥራ አለ። እርጥብ መኪና ሸራ ለብሶ አያድርም፤ በሮቹ ይከፈቱ፣ ምንጣፉ ይውጣ፣ ነፋስ ይግባ። በቀጭን ሽቦ የበሮቹ ሥር ይጠረግ። ጭቃውን ደርቆ ሳይጠነክር በውኃ ማውረድ ነው፤ በደረቁ ካሹት ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በረዶ የጎደጎደው ቦታ ካለ ከውስጥ በኩል ቀስ ብሎ የሚያወጣ እጀ ብልህ ባለሙያ አይጠፋም። አንዳንዱ ግን ምልክቱን አያስወጣም፤ «የወረኢሉ በረዶ ነው» እያለ ያሳየዋል። እኔም ብሆን አላስወጣውም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ኑ። የገባባችሁ ነገር በየት ነው የሚወጣው? የምታወሩለት ሰው አላችሁ? አንዳንዱ ወንድማችን ከሥራ ሲባረር ለሚስቱ ሳይናገር ጠዋት ጠዋት ልብሱን ለብሶ ከቤት ይወጣል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ እየዛገ ነው። አንዷ እናት ልጇን ቀብራ «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ» ሲሏት ማልቀስ አፍራ ትውጠዋለች። የእኛ አባቶችና እናቶች ግን መውጫውን አስቀምጠውልናል። ለቅሶ ደራሽ አለ፣ ዕድር አለ፣ ዱዓ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ የቡና ጎረቤት አለ። እነዚህን «ኋላ ቀር» ብለን በስቱኮ የደፈንን ሰዎች ነን በኋላ «ለምን ከውስጥ አለቅሁ» የምንለው። ዛሬውኑ አንዱን ክፈቱ። ለአንድ ሰው ደውሉ። «ደህና ነኝ» ከማለት በፊት እውነቱን ተናገሩ። እንቅልፋችሁን ተኙ። በእግራችሁ ሂዱ። ሐኪም የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መኪና ጋራዥ ሲገባ ማን ያፍራል?

እናንተ የወረኢሉ፣ የአቀስታ፣ የደጎሎ፣ የመካነ ሰላም ወጣቶች ደግሞ ይህን ትርዒት በሐሳብ ብቻ አትተዉት። በናይሮቢ ከፈረንጆቹ 1970 ጀምሮ የመኪና ውበት ውድድር ይካሄዳል፤ የጀመሩት መኪናቸውን የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እናንተም አሮጌ መኪና ያለውን ሰው ከቤቱ አውጡት፤ ነጋዴውን፣ ጡረታ የወጣውን ሾፌር፣ ጋራዥ ጥግ ላንድሮቨር ቆሞበት የሚያየውን መካኒክ። ሃያ መኪና አትጠብቁ፣ አምስት ይበቃል። ለትምህርት ቤት ልጆች መግቢያው ነጻ ይሁን፤ እያንዳንዱ ባለቤት የመኪናውን ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፎ መስታወቱ ላይ ይለጥፍ። ቀኑን ጥቅምት ላይ ቁረጡት። ጥቅምትም ቢሆን ግን ሸራ የሚያከራየውን ሰው ከአሁኑ አነጋግሩት።